መብራት ጠፍቶ የሰቀልኩት መደርደሪያ

ቆቦ ውስጥ ስለዚያ ቀን የሚወራውና የሆነው ነገር አንድ አይደለም። የሚወራው እኔን ያስመሰግነኛል። ሰው ፊቴ ቆሞ እያወራው ስንት ጊዜ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። አሁን ግን ሰለቸኝ። የሆነውን እንደሆነው እጽፈዋለሁ፤ ያነበበ ይፍረድ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ሁለቱንም ጊዜ ውጤት አልመጣልኝም። እናቴ ሱቅ ልክፈትልሽ አለችኝ፤ እምቢ አልኩ። ቁጭ ብሎ ደንበኛ መጠበቅ አይሆንልኝም። ግማሽ ሰዓት አንድ ቦታ ከቆየሁ እግሬ በራሱ ጊዜ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ዋናው መንገድ ዳር ካለው የጋሽ ሞላ ብየዳ ቤት ሄድኩና ሥራ ይስጡኝ አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ምን ልትሠሪልኝ?»

«ያዘዙኝን።»

ስምንት ወር ብረት ቆረጥኩ፣ ዝገት ፈገፈግኩ፣ በር ቀለም ቀባሁ። ብየዳውን ገና አላስነኩኝም ነበር። እኔ ግን በልቤ ባለሙያ ሆኛለሁ። ስልኬ ላይ የቤት ዕቃ የሚገጥሙ ሰዎችን ቪዲዮ አያለሁ። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ የሽቦ መደርደሪያ፤ ይበሳሉ፣ ብሎን ያስገባሉ፣ ይሰቅላሉ፣ አምስት ደቂቃ። ይሄማ ምን አለው እላለሁ።

ጦይባ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጥን ጓደኛዬ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቆቦ ገበያ ወጥቶ የሷን ስፌት የለበሰች ሴት ሳያይ የሚመለስ የለም። ኒካሗ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አባቷ ስለሞቱና እናቷ እትዬ ዘሐራ ብቻቸውን እንዳይቀሩ ባልየው እነሱ ቤት ሊገባ ተስማምተዋል። መኝታ ክፍሉ ተለስኗል፣ አልጋው ገብቷል፣ የቀረው የልብስ ማስቀመጫ ብቻ ነው። የእንጨት ቁም ሳጥን ነበራቸው፤ ምስጥ ጨረሰው። የኛን ቆላ የማያውቅ ሰው ምስጥ ስል ሊንቀው ይችላል። እንጨቱ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። በጣት ሲጫኑት ግን እንደ ደረቅ ዳቦ እርፍርፍ ይላል።

«የሚያዋጣሽ ብረት ነው» አልኳት። «የሽቦ መደርደሪያ። ምስጥ አይበላው፣ አየር ያሳልፋል፣ በዚህ ሙቀት ልብስሽ አይሸትም።»

«ማን ይሠራልኛል?»

«እኔ።»

«አንቺ?» ሳቀች። ጦይባ ስትስቅ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያያል። «እሺ ኢንጅነር። ልብሴ አናቴ ላይ ቢወርድ ግን ድግሱን ያንቺ እናት ናቸው የሚደግሱት።»

የልብስ ጓዳዋ የመኝታ ክፍሉ ጥግ ላይ ናት። በር የላትም፣ መጋረጃ ብቻ። ወለሏ ሲሚንቶ፣ ግድግዳዋ እንጨትና ጭቃ። በሜትር ለካሁ። ከላይ አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት፣ ከመሐል አንድ ሜትር ከሠላሳ ስምንት፣ ከታች ደግሞ ሌላ። የጭቃ ግድግዳ ቀጥ ብሎ አያውቅም፤ አንዱ ጋ ሆዱ ይወጣል፣ አንዱ ጋ ወገቡ ይገባል። ስለዚህ በጠባቡ ልክ እንዲቆረጥ ወሰንኩ። ከታች ብርድ ልብስ፣ ከመሐል የሚታጠፈው ልብስ፣ ከላይ የሠርግ ስጦታ፤ በግራ በኩል ረጅም ቀሚስ የሚንጠለጠልበት ክፍት ቦታ። ደብተር ላይ ሣልኩት። ጋሽ ሞላ ሥዕሉን ይዘው ትንሽ ቆዩና «ይሄስ ደህና ነው» አሉ። ከሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነው። ያን ቀን መሬት አልረገጥኩም።

የሽቦውን መረብ በየዱት። ቀለም ሊነፋ ሲል መብራት ጠፋ።

አንድ ቀን ሙሉ አልመጣም። በማግሥቱም አልመጣም። ብየዳ ቤቱ ዝም አለ፣ የቀለም መንፊያው ቆመ። እኔ ደጃፉ ላይ እየተንጎራደድኩ ሳለ ጦይባ በባጃጅ መጣች።

«ቀለሙ ይቅርብኝ፤ በኋላ ትቀቢዋለሽ። ዛሬ ግጠሚልኝ» አለች። «ነገ የወንዱ ወገን ሴቶች ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ። ልብሴ ማዳበሪያ ውስጥ ሆኖ እንዲያዩብኝ ነው?»

ጋሽ ሞላ በባትሪ የሚሠራውን ድሪል አወጡልኝ። «ባትሪው አልተነካም። ከመብሳትሽ በፊት ቆጣሪውን አጥፊ» አሉኝ።

«መብራት የለም እኮ፣ ጋሼ።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

ሌላ ሊሉኝ ነበር መሰለኝ፤ ሰው ጠራቸውና ዞሩ። እኔም አልጠበቅኩም።

ቤት ስንደርስ ስለ ቆጣሪው ጠየቅኩ። ፊት ለፊት ለፀጉር ቆራጭ ያከራዩት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ተቆልፏል።

«የት ሄዶ ነው?»

«ማሽኑ በምን ይሠራለታል? ቤቱ ተኝቶ ይሆናል» አለች ጦይባ። «ላስጠራው?»

«ተዪው» አልኳት። የሌለን መብራት ለማጥፋት ሰው ከእንቅልፉ መቀስቀስ ሞኝነት ሆኖ ታየኝ። እዚህ አገር ያደገ ሁሉ እንደዚሁ ያስባል፤ መብራት ከጠፋ ሽቦ ሽቦ አይመስለንም። አምፖል የምንቀይረው ያኔ ነው፣ የተበጠሰ ገመድ የምንቀጥለው ያኔ ነው።

በጭቃ ግድግዳ ላይ ብሎን ዝም ብሎ አይያዝም፤ በበሱበት ይረግፋል። ውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት ፈልጎ እሱ ላይ መብሳት ነው። በጣቴ አጥንት እየቆረቆርኩ ሄድኩ። ባዶው ቦታ ድምፁ ይለያል፣ እንጨቱ ጋ ሲደርስ ይጠብቃል። ሁለት ቋሚ አገኘሁ፤ ምስጥ ያልደረሰባቸው።

«የመብራት ገመድ የለም ግን?» አለች ጦይባ። አቧራውን የምትቀበልበት ሳህን ይዛ አጠገቤ ቆማለች።

ማብሪያ ማጥፊያው ከሌላው ግድግዳ ላይ ነበር። እጄን ወደዚያ ዘርግቼ እንደ አስተማሪ አስረዳኋት። «ገመድ ከማብሪያው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው የሚወጣው። በዚህ በኩል ምን ሊሠራ ይመጣል?»

«እሺ ኢንጅነር።»

የመጀመሪያው ቀዳዳ እንጨት አወጣ፤ ደስ የሚል ደረቅ ብናኝ። ሁለተኛው ላይ ድሪሉ ትንሽ ሄደና ለስለስ አለብኝ። ቆምኩ። መብሻውን ሳወጣው ጫፉ ላይ ቀይ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ወጣ፤ እንደ ጥፍር ቁራጭ ቀጭን ነገር።

አየሁት። ያን ቀን ለሰው ያልነገርኩት ይህንን ነው። ደህና አድርጌ አየሁት።

«ምነው ቆምሽ?» አለች ጦይባ።

የገመድ ልባስ እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ያንን እንደመናገር ግን ራሴን ማታለል ጀመርኩ፤ ጭቃ ሲቦካ የገባ ፌስታል ይሆናል፣ የድሮ የሞተ ገመድ ይሆናል። ከሁለት ደቂቃ በፊት እንዲያ ቀብረር ብዬ አስረድቼ አሁን «ገመድ በሳሁ» ብላት የምትስቀውን ሳቅ ሰማሁት። ነገ ገበያ ላይ ለሴቶቹ ሁሉ ስትተርከው ታየኝ።

«ምንም፤ ጭቃው ነው» አልኩና ኡፍ ብዬ አበረርኩት።

እዚያው ላይ መደገፊያ ብረቱን አድርጌ ብሎኑን አጠበቅኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሦስቱም መደርደሪያ ተሰቅሎ አለቀ። ተንጠላጥዬ ሞከርኩት፤ አልተነቃነቀም። እትዬ ዘሐራ መጥተው መረቡን በእጃቸው ዳሰሱት፤ አዎ፣ እሳቸውም ነክተውታል። «ማሻአላህ፣ የኔ ዓለም፤ እጅሽ ይባረክ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝና ለነገዎቹ እንግዶች የሚሆን ነገር ሊገዙ ወጡ። ወለሉ በአቧራ ተሸፍኗል። ጦይባን «ውሃ ርጪበት፣ ያፍናል» አልኳት። ረጨች። እንደኛ ቤት ሁሉ ጫማዋን በር ላይ አውልቃለች። በባዶ እግሯ እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ ቆማ ልብሶቿን ከማዳበሪያው እያወጣች መስቀል ጀመረች።

እኔ የተበላውን ቁም ሳጥን ስብርባሪ ላወጣ ግቢው ውስጥ ነበርኩ። መጀመሪያ የሰማሁት የሰፈሩን ልጆች ጩኸት ነው። «መጣ! መጣ!» ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው እየተቀባበሉ። ሳሎን ውስጥ ማቀዝቀዣው አንኳኳና ማጓራት ጀመረ። ሳይጠፋ የቀረው ቴሌቪዥን በአንድ ጊዜ ከፍ ባለ ድምፅ ለቀቀው።

«ጦይቤ፣ መብራት መጣ!» አልኩ።

መልስ የለም።

ቀሚስ እየሞከረች ነው ብዬ ፊቴን ታጠብኩ። ይህችን ፊት የታጠብኩባትን ጊዜ እስከ ዛሬ እቆጥራታለሁ። ከዚያ «ሙሽሪት፣ ነገ ነው የሚያዩሽ፣ ዛሬ ምን ያስጌጥሻል» እያልኩ ገባሁ።

ጦይባ ሁለት እጆቿ መሐለኛውን መደርደሪያ ጨብጠዋል። አንገቷ ወደ ኋላ ተቀልብሷል። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ወደኔ ነው፣ ግን አያየኝም። ከጉሮሮዋ የሚወጣው ድምፅ የሷ አልነበረም፤ ከዚያ ማቀዝቀዣ ጋር የሚመሳሰል፣ የማይቆም ማጓራት ነበር። ሰውነቷ በሙሉ በትንሽ በትንሹ ይርገበገባል። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ትከሻዋን ያዝኩ። ክንዴን በመዶሻ እንደመቱኝ ሆኜ ወደ ኋላ ተወርውሬ ከግድግዳው ጋር ተላተምኩ።

ቆጣሪው። ሮጥኩ። የፀጉር ቆራጩ በር ላይ ጓጉንቸሩ እንደተንጠለጠለ ነው። በሩን በእግሬ መታሁት፣ ደገምኩት፣ ቆርቆሮው ጮኸ እንጂ አልተከፈተም። «ሰው! ኤሌክትሪክ ያዛት! ሰው!» እያልኩ ወደ ቤት ተመለስኩ። ግቢ ካወጣሁት ስብርባሪ ረጅሙን ጣውላ አንሥቼ እጇ ላይ መታሁት። ጣውላው ምስጥ የበላው ነው፤ ሁለት ቦታ ተሰበረና ብናኙ ፊቴን ሸፈነው። እጇ አልተላቀቀም።

ማጓራቱ ቀነሰ። እሱ ይበልጥ አስፈራኝ።

ሳሎን የፕላስቲክ ወንበር ነበር። አነሣሁት፣ አራቱን እግሮች ወደ ፊት አድርጌ ደረቷ ላይ ገጠምኩና በሙሉ ሰውነቴ ገፋሁ። የማውቃት ልጅ ሳይሆን የተቆለፈ በር የምገፋ ይመስል ገፋሁ። አንድ እጇ ተላቀቀ። ደገምኩ። ቀኝ እጇ ሲላቀቅ ቆዳ ሲላጥ የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ወደቀች።

አትተነፍስም። እጇን ይዤ ጎትቼ ከጓዳው አወጣኋት። ጎረቤቶች ግቢውን ሞሉት። አንዱ «እርጥብ አፈር አልብሷት» ይላል፣ አንዷ ወተት ስጧት ትላለች። ወተት ማን ይዋጥላት? ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዕርዳታ ያስተማሩንን አስታወስኩ፤ ያኔ እኔና እሷ ኋላ ወንበር ላይ ሆነን ስንስቅ ነበር ያለፈን። ደረቷን መጫን ጀመርኩ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ድንገት እንደ ማሳል አደረጋትና አየር ሳበች።

በዚያች ሰዓት እትዬ ዘሐራ ዕቃ አንጠልጥለው በር ላይ ደረሱ። አልጮኹም። የያዙትን ዕቃ ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ፣ እንዳይደፋ የሚጠነቀቁ ይመስል፤ ከዚያ ልጃቸው አጠገብ ተንበርክከው «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ብቻ።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድናት። ጭንቅላቷ እናቷ ጭን ላይ፣ እግሯ እኔ ላይ። ሐኪሙ ልቧን መረመረ፤ እዚያው ታድራለች አለ። ቀኝ መዳፏና ሁለት ጣቶቿ ክፉኛ ተቃጥለዋል። «ትንሽ ብትቆይ ኖሮ አናገኛትም ነበር» አለ ወደኔ ዞሮ። «ገፍተሽ ያላቀቅሻት አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ጎበዝ።»

ይህች «ጎበዝ» ናት የገደለችኝ። እትዬ ዘሐራ እጄን ይዘው እያገላበጡ ሳሙኝ። «አላህ ባንቺ እጅ መለሰልኝ» አሉ። ጎረቤቶቹ ለእናቴ ነገሯት፣ እናቴ ለሰፈሩ። ገና ሳይመሽ ስሜ ከተማውን ዞሮ ነበር። ጥፋተኛው መብራቱ ሆነ፤ «እንዲህ እያጠፉ እያበሩ ሊጨርሱን ነው» ተባለ። እኔም ራሴን ነቀነቅኩ። አዎ፣ ነቀነቅኩ።

በማግሥቱ ጠዋት የወንዱ ወገን ሴቶች ቤት ሊያዩ ሳይሆን በሽተኛ ሊጠይቁ ሄዱ። እኔ ፀጉር ቆራጩን አስከፍቼ ቆጣሪውን አጠፋሁና ወደ ጓዳዋ ገባሁ። በቢላ ጭቃውን ፋቅኩ። ገመዱ ከማብሪያው ቀጥ ብሎ አልወጣም። የኋላው ክፍል ሲጨመር ነው የተዘረጋው፤ በአቋራጭ መጥቶ ቋሚው እንጨት ላይ በሚስማር ተይዞ ከላዩ ጭቃ ተለስኗል። ገመዱን የዘረጋው ሰውም እንደኔው ጠንካራ እንጨት ፈልጎ ነበር ማለት ነው። ብሎኔ ቀዩን ሽቦ መሐል ለመሐል ወግቶታል።

ቁጭ አልኩ። እግሬ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያ ዝም ብዬ መቀመጥ የምችል አልመሰለኝም ነበር።

ከዚያ ሆስፒታል ሄድኩ። ሴቶቹ ወጥተዋል። ጦይባ ቀኝ እጇ ተጠቅልሎ ትራስ ተደግፋለች፤ እናቷ ሾርባ ያጠጧታል።

«እትዬ» አልኩ፤ «የምነግራችሁ አለኝ።»

«ተቀመጪ መጀመሪያ፣ ቁርስ በልተሻል?»

«ገመዱን የበሳሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ በጭቃ የተሸፈነ ነገር በምን ታውቂያለሽ ልጄ? ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው» አሉ እትዬ ዘሐራ።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ እኮ።

«አውቄያለሁ። ስበሳ ቀይ ፕላስቲክ ወጥቷል፣ አይቼዋለሁ።»

ማንኪያው አየር ላይ ቆመ። «አይተሽ?»

«አይቼ።»

«ከዚያስ?»

«ኡፍ ብዬ አበረርኩት። ብሎኑን እዚያው አጠበቅኩት።»

እትዬ ዘሐራ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ መለሱት። የሾርባውን ዕቃ ከደኑ፣ አጠበቁት። «እኔም እኮ በእጄ ነክቼው ነበር» አሉ ለራሳቸው። ቀጥሎ ወደ በሩ አዩ። «ሂጂ። አሁን እንዳላይሽ።»

ልወጣ ስል ጦይባ ጠራችኝ። ድምፅዋ ሻክሯል። «ስትቆሚ ‹ምነው› ብዬ ጠይቄሽ አልነበር?»

«ጠይቀሽኛል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትስቂብኛለሽ ብዬ።»

ጣራውን አየች፣ እኔን አየች።

«እስቅ ነበር» አለች። «እስቅና ሌላ ቦታ ትበሺ ነበር።»

ኒካሑ በወር ተራዘመ እንጂ አልቀረም። ጠርታኝ ሄድኩ። እትዬ ዘሐራ ለሁሉም እንደሚያደርጉት ለኔም ሳህን አቀረቡልኝ፤ ፊቴን ግን አላዩም። እስከ ዛሬም መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን በእጅ ይመልሳሉ እንጂ አይቆሙም። አልፈርድባቸውም። ያቺ «የኔ ዓለም» የምትል ድምፃቸው ግን ትናፍቀኛለች። ለጋሽ ሞላም ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ሁለት ወር ሙሉ ድሪሉን አላስነኩኝም፤ ከዚያ አንድ ቀን ምንም ሳይሉ አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

ሥራውን አልተውኩም። አሁን ግድግዳ ከመንካቴ በፊት ቆጣሪ አጠፋለሁ፣ ቆጣሪው ያለበትን ክፍል ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ እከታለሁ። ጎብዬ ከተማ አንድ ሰውዬ «መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ምን ታደርቂኛለሽ?» ብለው ሌላ ሰው ጠሩ። ይጥሩ። ቀርፋፋ ናት ይሉኛል፤ እኔን፣ ቁጭ ማለት የማልችለውን። ይበሉኝ።

ለናንተ ለምታነቡት የምለው ስለ ኤሌክትሪክ ብቻ ቢሆን ደስ ባለኝ። እሱን ባለሙያ ይንገራችሁ፤ መብራት የጠፋበት ሽቦ የሞተ ሽቦ አይደለም፣ በቃ። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። እጃችሁ ሥራ ላይ ሆኖ ዓይናችሁ ያልጠበቃችሁትን ነገር ሲያይ፣ ያኔ ውስጣችሁ «ምንም አይደል» ለማለት የሚቸኩለውን ሰው ዕወቁት። እሱ ሰነፍ አይደለም፣ ክፉም አይደለም። እንዳይሳቅበት የሚፈራ ሰው ነው። እኔ አውቀዋለሁ፤ መልኩ እኔን ይመስላል።

የጦይባ ሁለት ጣቶች ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይዘረጉም። መቀሱን በግራ እጇ ለምዳ ትቆርጣለች። እኔ የፈራሁት ሳቋን ነበር።